ቀዩ ቁልፍ የት ነው?

ዋሽንግተን ዲሲ መሀል፣ ከምድር በታች ባለ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና አቆማለሁ። ዲሲ የኖረ አበሻ ይህን ሥራ ወይ ሠርቶታል፣ ወይ የሠራ ዘመድ አለው። ባለፈው ዓርብ ማታ አንድ ሰውዬ ዶጅ ቻሌንጀር ሄልካት በሚባለው የአሜሪካ ፈጣን መኪና መጣ። ከመኪናው ድምፁ ቀድሞ ደረሰ። ሰውዬው ወረደና ጥቁር ቁልፍ ሰጠኝ።

“ቀዩስ?” አልኩት።

ሳቀ። ኪሱን መታ መታ አደረገና ወደ ምግብ ቤቱ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሄልካት እ.ኤ.አ. በ2015 ሞዴል ሲመጣ ሁለት ዓይነት ቁልፍ ይዞ ነው። በቀዩ ካስነሳኸው 707 የፈረስ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ ይሰጥሃል። በጥቁሩ ከ500 አያልፍም። ጥቁሩ ለልጅህ፣ ለአማችህና እንደኔ ላለው የፓርኪንግ ሠራተኛ ነው። ፋብሪካው ራሱ መኪናውን ሲያስረክብህ “207 ፈረስ ኪስህ ውስጥ ደብቅ፣ ሰው አይታመንም” እያለህ ነው። 500 ደግሞ “የተቀነሰ” መባሉ! የኔ ካምሪ 203 አለው፤ እሱንም አንድ ቀን ሁሉንም የተጠቀምኩበት አይመስለኝም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የአሜሪካ ፈጣን መኪና ታሪክ የፍጥነት ታሪክ ነው ይባላል። እኔ የመደበቅ ታሪክ ነው እላለሁ። ሁልጊዜ አንዱ ከሌላው የሆነ ነገር ይደብቃል። የሚያስቀውም እሱ ነው።

መጀመሪያ የተደበቀው ከአለቃ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ጄኔራል ሞተርስ አንድ ደንብ ነበረው፦ መካከለኛ መጠን ባለው መኪና ውስጥ ከ5.4 ሊትር የሚበልጥ ሞተር አይገባም። አለቆቹ “ከውድድር ነገር እጃችንን አውጥተናል” ያሉበት ሰሞን ነው። ጆን ዲሎሪያን የሚባል፣ የጄኔራል ሞተርስ አንዱ ክፍል የሆነው የፖንቲያክ ዋና መሐንዲስና ባልደረቦቹ ደንቡን እንደ ጠበቃ አነበቡት። ለካ ደንቡ የሚያወራው ስለ መደበኛው መኪና ነው። ደንበኛው ጨምሮ ከፍሎ ስለሚያስገጥመው ነገር ምንም አይልም። በቃ፣ 6.4 ሊትር ሞተር “ተጨማሪ ዕቃ” ሆነ። እንደ ሬዲዮ፣ እንደ ወለል ምንጣፍ።

የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ የተወለደው እንዲህ ነው። የሽያጭ ኃላፊው ስለፈራ መጀመሪያ የተፈቀደው 5,000 ብቻ ነበር። በዓመቱ 32,450 ተሸጠ። እንግዲህ 32,450 መኪና ሲሸጥ ደንብ ተጣሰ የሚል አለቃ የት ይገኛል? ስሙም ቢሆን የራሱ አልነበረም፤ ከፌራሪ 250 ጂቲኦ ላይ የተነሳ ነው። ሻይ ቤት ከፍቶ “ሸራተን” ብሎ እንደ መሰየም ማለት ነው።

ቀጥሎ የተደበቀው ከኢንሹራንስ ነው። ለዚህ ዘመን ነው የኔ ልብ የሚያደላው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ወጣት ሾፌርና ትልቅ የፈረስ ጉልበት ቁጥር አንድ ላይ ሲያዩ ክፍያውን ሰማይ ይሰቅሉት ጀመር። ፋብሪካዎቹም ቁጥሩን ዝቅ አደረጉ፤ አከራይ ፊት ደሞዝን እንደ ማሳነስ። ፎርድ የ1968ቱን ኮብራ ጄት ሞተር “335 ፈረስ ነው” አለ። ከ400 በላይ እንደሆነ የማያውቅ ግን አልነበረም።

የሸቭሮሌው ግን ይብሳል። በ1967 ለስፖርት መኪናቸው ለኮርቬት ኤል 88 የሚባል ሞተር አወጡ። በትክክል ቢለካ ከ500 በላይ ነው። ወረቀቱ ላይ 430 ብለው ጻፉ። እዚያው ወረቀት ላይ ሌላ ሞተር አለ፣ 435 የሚል፣ ዋጋውም የረከሰ። ቁጥር ብቻ አይቶ የሚገዛ የሀብታም ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። የተፈለገውም ይኸው ነው፤ ኤል 88ን ለውድድር ሰው ብቻ ለማስቀረት። ያም እንዳይበቃ ሬዲዮና ማሞቂያ ከለከሉት። አስቡት፣ የሚቺጋን ብርድ ላይ ማሞቂያ የሌለው መኪና! በዚያ ዓመት የሸጡት 20 ብቻ ነው። በ2014 ከነዚያ አንዱ ጨረታ ላይ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ሻጭ “አትግዛው” ሲልህ ጠርጥር።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። በ1970 የአየር ብክለት ሕጉ ጠበቀ፣ በ1973 የነዳጅ ማዕቀቡ ተከተለ። መሀል ላይ፣ በ1972፣ አለካኩም ተለወጠ። ቀድሞ ሞተሩን ብቻውን አግዳሚ ላይ አስቀምጠው፣ ማርሚታውን አውልቀው፣ የሚጎትተው ነገር ሳይኖር ነበር የሚለኩት። አሁን መኪናው ላይ የሚኖረው ዕቃ ሁሉ ተገጥሞለት ይለካ ተባለ። ከታክስ በፊት ያለውን ደሞዝ ሲያወራ የኖረ ሰው ኪሱ የሚገባውን ተናገር እንደ ማለት ነው። አገር ጉድ አለ። በ1975 መደበኛው ኮርቬት፣ ከነ5.7 ሊትር ሞተሩ፣ 165 ፈረስ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያ የአሜሪካ ኩራት ከኔ ካምሪ ያንሳል ማለት እኮ ነው።

አሁን የሚደበቀው ጉልበት ሳይሆን ድካም ሆነ። መደበቂያውም ስቲከር ነው። የ1978ቱን የፎርድ ማስታንግ ኪንግ ኮብራ እዩት። ኮፈኑን ሞልቶ የተጠቀለለ ትልቅ እባብ ተለጥፎበታል። ከእባቡ በታች ያለው ቪኤይት፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ 139 ፈረስ ነው። ውስጡን ለቄስ የሚባለው ይሄው ነው። እባቡ መርዝ አልነበረውም፤ ሙጫ ብቻ ነው ያለው።

በዚያው ዓመት ግን ዶጅ ቤት አንድ ሰው ሕጉን እንደ ዲሎሪያን አነበበው። የብክለት ደንቡ ለከባድ ፒክአፕ የላላ ነበር፤ የጭስ ማጣሪያውን አያስገድድም። ታዲያ ምን አደረጉ? ቀይ ፒክአፕ ላይ ጎበዝ ሞተር ጫኑ። ከጋቢናው ጀርባ እንደ ዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ ሁለት የቆሙ ቱቦዎች ተከሉ። ሊል ሬድ ኤክስፕረስ አሉት። አንድ የመኪና መጽሔት ከዜሮ እስከ 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲለካው ከአሜሪካ ሥሪቶች ሁሉ ቀደመ። ኮርቬቱንም ጨምሮ! የአገሩ ፈጣን መኪና የእንጨት ስፖንዳ ያለው የጭነት መኪና ሆነ።

ቡዊክን ሳላነሳ ብሄድ ቅር ይለኛል። ቡዊክ የጡረተኛ መኪና ነው። በኛ ቢሆን የዕድር ዳኛው ነበር የሚይዘው። በ1987 ያ ቡዊክ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ቱርቦ ተገጥሞለት ግራንድ ናሽናል ጂኤንኤክስ ተባለ። 547 ብቻ ነው የተሠራው። 276 ፈረስ አለው አሉ፤ እሱም እንደ ልማዳቸው የተቀነሰ ነው። ደግሞ ቪኤይት አይደለም፣ ስድስት ሲሊንደር ነው። (አዲስ አበባ ላይ ቪኤይት ሲባል የሚታየን ባለሥልጣን ስለሆነ ይህ ቀልድ እኛ ዘንድ ብዙ አይሄድም።) መብራት ላይ ብዙ ኮርቬት በዚህ ጥቁር ሽማግሌ ተዋርዷል።

ያልደበቀውስ? ከሰረ። ፕሊማውዝ በ1970 ሱፐርበርድን ሲያወጣ የመኪና ውድድር ማሸነፍ ብቻ ነበር ሐሳቡ። የሾለ አፍንጫ፣ ከኋላ ከጣሪያው በላይ የቆመ ክንፍ። ደንቡ ለሕዝብም ይሸጥ ስለሚል ለሕዝብ ሸጡት። ሕዝቡ አየው፣ ሳቀ፣ አለፈ። አንዳንድ ሻጮች ክንፉንና አፍንጫውን ነቅለው እንደ ተራ መኪና ሸጡት። ዛሬ ያን ክንፍ የነቀለው ሰው እንቅልፍ የሚወስደው አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ዶጅ በ2024 ኤሌክትሪክ ቻርጀር አምጥቷል። ኤሌክትሪክ ሞተር ዝም ነው የሚለው። ዝምታ ደግሞ ለነዚህ ሰዎች ነውር ነው። ስለዚህ ከኋላው ድምፅ ማጉያ ገጠሙለት። እስከ 126 ዴሲቤል ይጮኻል ብለዋል። ሙዚቃ አይደለም፤ የሌለ ሞተር ድምፅ ነው። እንደ ዘመኑ ለቅሶ፣ አልቃሽ በካሴት። ስድሳ ዓመት ጉልበት ሲደብቁ የኖሩ ሰዎች ዛሬ ዝምታ መደበቅ ውስጥ ገብተዋል።

ይህን ሁሉ አብረውኝ ለሚሠሩት ሽማግሌ አወራሁላቸው። ጋሼ ናቸው፣ ከኔ በፊት ሃያ ዓመት እዚህ ሠርተዋል። ዝም ብለው ሰሙኝና “አንተዬ፣ ዓርብ ዕለት ሦስተኛው ፎቅ ላይ የጮኸው ምን ነበር?” አሉኝ።

“ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም።”

ሰውዬው ሊወስድ ሲመጣም ጠይቆኝ ነበር። ቀስ ብዬ ወስጄ አቆምኩት አልኩት። አሥር ዶላር ቲፕ ሰጠኝ። ያች ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ፎቅ የምትወርደዋ መንገድ ግን ረዘም ትላለች፣ ማታ ደግሞ ሰው የለባትም። ጥቁሩም ቁልፍ ቢሆን 500 ነው።