ማስተካከያ፦ ፎሌ ላይ የሚሄደው የጓሮ ትራክተር

ባለፈው ሃይድሮስታቲክ (በዘይት ግፊት የሚነዳ) የሣር ማጨጃ ትራክተር ፎሌ ላይ፣ ማለትም ወደፊትም ወደኋላም ሳይገባ፣ ቀስ እያለ ሲሄድ ምን እንደሚደረግ ጽፌ ነበር። ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ።

አንደኛ፣ "ሞተሩ እንደተነሳ በዝቅተኛ ዙር አስተካክሉት" ብያለሁ። አይሆንም። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ፓምፑም በከፍተኛ ዙር ብዙ ዘይት ይገፋል፤ ስለዚህ በቀዝቃዛው ቀጥ ብሎ የቆመ ጎማ በኋላ መዞር ሊጀምር ይችላል። የኔው ጨረስኩ ብዬ ቡና ልጠጣ ስል ወደ አጥሩ ጉዞ ጀመረ! መጀመሪያ ነድታችሁ አሙቁት። ከዚያ የማጨጃውን ምላጭ አጥፉ፣ የፊት ጎማዎቹን ታኮ አድርጉ፣ የኋላውን በክሪክ አንስታችሁ ጠንካራ መደገፊያ ላይ አሳርፉ። ፔዳሉን ወይም እጀታውን ከማስተላለፊያው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ መቆለፊያ ዳዶ አላልታችሁ፣ ሞተሩን እያጠፋችሁ በጥቂት በጥቂቱ አዙሩ፤ ከዚያ አስነስታችሁ እዩ፣ በከፍተኛ ዙር ጎማው እስኪቆም ድገሙት። ዘንጉ የት እንዳለ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ማኑዋሉን እዩ።

ጎማው ከወደፊት ወደ ፎሌ ሲመለስ ቆሞ፣ ከኋላ ማርሽ ሲመለስ ግን የሚዞር ከሆነ በከንቱ አትድከሙ። ብዙ ጊዜ የተበላ መገጣጠሚያ ወይም የደከመ ሞላ ነው።

ሁለተኛ፣ ከኋላ ያለችውን የመግፊያ እጀታ ሳቧት ማለቴ ስህተት ነው። እሷ ሞተሩ ጠፍቶ ትራክተሩን በእጅ ለመግፋት ናት። ተስባ ቁልቁለት ላይ ከሆናችሁ ከፍሬኑ በቀር የሚይዛችሁ የለም።