የሚቀጣው የተመረመረው ነው
«ኤችአይቪን እያወቀ በሚያስተላልፍ ሰው ላይ ቅጣቱ ከከበደ በሽታው ይቀንሳል» የሚለው አስተያየት አልተዋጠልኝም። ሆን ብሎ የሚያስተላልፍማ ይጠየቅ፤ በሽታ ማስተላለፍን የሚቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 514 እኮ ድሮም አለ። ግን «እያወቀ» የሚባለው የተመረመረው ብቻ ነው። ያልተመረመረው ነጻ! እዚህ ሸዋ ሮቢት ብዙ ጊዜ ቀድማ የምታውቀው ሴቷ ናት፣ ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ ስለምትመረመር። ባልየው «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» ብሎ ቢከስስ? ጎረቤት እንዳያያቸው መድኃኒታቸውን ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደው የሚወስዱ፣ ክኒኑ እንዳይንኳኳ ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ የሚወትፉ ሰዎች አውቃለሁ። እዚህ ውይይት ላይ «ዕድሜ ልክ ይታሰሩ» ያልከው ወንድሜ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በደም ምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። እሱንም ልታሳስረው ነው?