«ሙሉውን ነው የምንከፍልህ»

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞርኩ አስተረጉም ነበር። ሥራውን የሰጠኝ ሰውዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እኛ እንደ ሌላው ቤት አንቆርጥም፣ ሙሉውን ነው የምንከፍልህ» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አገር ቤት ፔሮል ላይ ስፈርም የሥራ ግብር፣ ጡረታ፣ ብድርና ቁጠባ፣ ደግሞ ማን እንደወሰነው የማላውቀው መዋጮ ተቆርጦ ነበር እጄ የሚገባው። ያን ቀን ማታ ለእናቴ ደውዬ «እዚህ እኮ አይቆርጡም!» አልኳት። ምርቃቱን አወረደችው።

ኤፕሪል ሲደርስ ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ወረቀቴን ገልበጥ አድርጎ አየና «ይሄ ለተቀጣሪ የሚሰጠው ደብሊው 2 አይደለም፣ ለራሱ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው 1099 ነው» አለኝ። ልዩነቱን ጠየቅኩት። «ልዩነቱማ፣ ቀጣሪውም አንተ፣ ተቀጣሪውም አንተ ነህ።» ለካ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር የሚባሉት የጡረታና የሕክምና መዋጮዎች ተደምረው 15.3 በመቶ ናቸው፤ ቀጣሪ ያለው ሰው 7.65ቱን ይከፍላል፣ የቀረውን ቀጣሪው ይችልለታል። እኔ ሁለቱንም ነኝና ሁለቱንም እከፍላለሁ። 18 ሺህ ዶላር ለማይሞላ ገቢ ወደ 2,500 ዶላር ዕዳ ወጣብኝ፣ የገቢ ግብሩ ገና ሳይነሳ። ሰውዬው አልዋሸኝም፣ እውነትም አልቆረጠም። መቁረጡን ለእኔ ተወልኝ እንጂ።

ይህን ቂም ይዤ ስኖር፣ ባለፈው ዓመት የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተመረጥኩ። (ስብሰባው ላይ አልነበርኩም። ለዚህ ነው የተመረጥኩት።) ደብተሩን ስረከብ ከደመወዝ ውጭ የሚከፈለው ሰው ብዛት! ዲጄ አለ፣ ፎቶ አንሺ አለ፣ አዳራሽ የሚያጸዳ አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ፊደል የሚያስቆጥሩ መምህርት አሉ። ሁሉም የሚከፈላቸው ከሊቀመንበሩ የግል ስልክ፣ በዜል በሚባለው የባንክ ገንዘብ መላኪያ ነው። የክፍያው ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ደግሞ «እግዜር ይስጥልን» ይላል። ለኦዲተር ይቅረብ እንግዲህ።

ፎቶ አንሺውን ደብሊው 9 ሙላልኝ አልኩት፤ ስምና የግብር ቁጥር የሚሞላበት አንድ ገጽ ወረቀት ናት፣ ከክፍያ በፊት መያዝ አለባት። ፊቱ ተለዋወጠ። «የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሬን ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ። ቁጥር ካልሰጠኸኝ 24 በመቶውን ቆርጬ ለመንግሥት ማስገባት ሊኖርብኝ ነው ብዬ ባስረዳው ጊዜ መፍትሔ አመጣ፦ «እንግዲያው 599 ብለህ ጻፋት።» ይቺ 599 ሰፈራችን ውስጥ እንደ ታቦት የምትከበር ቁጥር ናት። ከ600 በታች ታክስ የለውም ይባላላ! 600 ግን ከፋዩ 1099 የሚልክበት ልክ ነበር፤ የሚታየውም የዓመቱ ድምር እንጂ የአንድ ቀን ክፍያ አይደለም። በፈረንጆቹ ከ2026 ጀምሮ ለሚከፈል ገንዘብ ልኩ 2,000 ሆኗል። ተከፋዩ ግን ወረቀት መጣለትም ቀረበትም ገቢውን ያስታውቃል፤ የተጣራ ትርፉ 400 ከሞላ ያቺ 15.3 ትጠብቀዋለች። ይህን ሁሉ ነገርኩት። «አንተ ገንዘብ ያዥ ከሆንክ ወዲህ ተለወጥክ» አለኝና ሄደ።

አገር ቤትስ? ክረምት ላይ የእናቴን አጥር ላሠራ ሄጄ ነበር። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ፎርማኑ የቀን ሠራተኞቹን ያሰልፋል፣ እኔ እከፍላለሁ። ግማሹ በእጁ፣ ግማሹ በቴሌብር። ውል የለ፣ ቅጽ የለ፣ በአምስት ደቂቃ አለቀ። እንዴት ደስ ይላል! የአሜሪካ አመሌ አልለቅ ብሎኝ የስም ዝርዝር አዘጋጅቼ ፈርሙ ስላቸው አንዱ «ጋሼ፣ ልትከሱን ነው?» አለኝ፤ ተሳስቀን ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ከልጆቹ አንዱ ዝገት የበላው ሚስማር ረግጦ እግሩን ወጋው። ክሊኒክ ወስጄ አሳከምኩት፣ ለተኛባቸው ሁለት ቀናትም ከኪሴ ሰጠሁት። እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል አፈርኩ። ምክንያቱም መጀመሪያ ቀን ዋጋ ስንነጋገር ፎርማኑ አስር በመቶ ለእኔ ይነሳልኝ ሲል፣ ልጆቹ ፊት ደረቴን ነፍቼ «የለም፣ እኔ ሙሉውን ነው የምከፍላቸው» ብዬ ነበር። ቃል በቃል የዚያ ሰውዬ ንግግር! ቢሰበርስ ኖሮ? ያ «ሙሉ» የምለው ገንዘብ የትኛውን አጥንት ይጠግናል?

ደግሞ አገር ቤት ወረቀት የለም የሚል ካለ የአክስቴን ልጅ ይጠይቅ። ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ለአንድ ድርጅት ሠርቶ ሒሳቡን ሊቀበል ሲሄድ ከየመቶው ብር ሠላሳው ተቆርጦ ጠበቀው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ 979 ከ3,000 ብር በላይ ለሆነ አገልግሎት ከፋዩ 2 በመቶ ቀንሶ እንዲያስቀር ያዝዝ ነበር፤ ቲን ነምበር የሌለው ሰው ከሆነ ግን 30 በመቶ። ልጁ ቲን አልነበረውም፤ ለአንድ ሳምንት ሥራ ብዬ አላወጣም ብሎ። እዚህ 24፣ እዚያ 30። ቁጥር የሌለውን ሰው መቅጣት ላይ ሁለቱ አገሮች ተማክረዋል።

ወደ መምህርታችን ልመለስ፣ እንቅልፍ የነሱኝ እሳቸው ናቸውና። ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ግቡ የምንላቸው እኛ ነን። ክፍሉ የእኛ፣ መጽሐፉ የእኛ፣ ጠመኔው እንኳን የእኛ፤ ለሌላ ማኅበር አያስተምሩም። በአሜሪካ ሕግ ሥራውን የሚያዘው፣ ወጪውን የሚችለውና ግንኙነቱን የሚወስነው ማን እንደሆነ ነው የሚታየው፤ የወረቀቱ ስም አይደለም። በየትኛውም መንገድ ብታዩት ተቀጣሪያችን ናቸው። እኛ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ «ሙሉውን» እየሰጠን ነበር።

ኮሚቴው ላይ አነሳሁት። ፔሮል እናስገባቸው፣ 7.65ቱን እኛ እንቻል አልኩ። ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አንዱ «1099 ይሻላቸዋል፣ ነፃነት አለው» አለ። የማን ነፃነት እንደሆነ ብጠይቅም የመለሰልኝ የለም። ሁለተኛው «እሳቸው እኮ እንደ እናታችን ናቸው፣ እንዴት ሠራተኛ እንላቸዋለን?» አለ። ይቺን ስሰማ ደሜ ፈላ። እናትነታቸው ትዝ የሚለን መክፈል ሲመጣ ነው! ዲጄውን ማንም እንደ ወንድሜ ነው ብሎ ዋጋ አላስቀነሰውም፤ እሱ የራሱን መሣሪያ ይዞ፣ በራሱ ዋጋ፣ ሌሊቱን ሌላ ሠርግ ላይ ሊሠራ የሚሮጥ ሰው ነው። 1099 ማለት ለእሱ ነው።

ሁለት ሰዓት ተጨቃጭቀን በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። መምህርታችን ደብሊው 4 የሚባለውን፣ ከደመወዝ ምን ያህል ግብር እንደሚቆረጥ የሚወሰንበትን የተቀጣሪ ቅጽ ሲሞሉ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው እያንዳንዱን መስመር አነበቡ፣ ፊደል እንደሚያስቆጥሩ። የመጀመሪያው ቼክ ሲደርሳቸው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አሳነሳችሁት እንዴ?» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት አስረዳኋቸው። «እሺ፣ አንተ ካልክ» አሉ። ድምፃቸው ግን እሺ አላለም።

ቅሬታቸው ይለዝብ ብሎ ኮሚቴው ለገና የ100 ዶላር ጊፍት ካርድ እንስጣቸው አለ። ለሠራተኛ የሚሰጥ ጊፍት ካርድ እንደ ጥሬ ገንዘብ ስለሚታይ ደመወዝ ላይ ይደመራል፣ ከእሱም ይቆረጣል አልኩ። ሊቀመንበሩ ጭንቅላቱን ያዘ። «ስጦታም ይቆረጣል? የቀረ ነገር አለ?» ዋጋው አነስ ያለ ዕቃ ከሆነ አይደመርም ስላቸው ነጠላ ይገዛ ተባለና እኔው ተላክሁ።

ነጠላ የምትሸጠው ሴትዮ ቤቷ ሳሎን ውስጥ ነው የምትሸጠው። ጥበቡን መርጬ፣ ተከራክሬ፣ በካሽ ከፈልኩና ደረሰኝ ስጪኝ አልኳት። ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ከልጇ ደብተር ላይ ገጽ ቀደደችና እስክሪብቶ ይዛ፣ «ስንት ብዬ ልጻፍልህ?» አለችኝ።