እርማት፦ መዝገብ ላይ መስፈር ቤቱን ከመፍረስ አያድንም

በአሜሪካ ትንንሽ ታውንሺፖች (የአካባቢ አስተዳደሮች) ስላሉ ታሪካዊ ቤቶች አንድ ጸሐፊ «ብሔራዊ መዝገብ ላይ ስለሰፈሩ ማንም አይነካቸውም» ብለው ጽፈዋል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም።

የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣ ሕግ ነው። የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። መመዝገብ ክብር ነው፣ እውቅና ነው። ባለቤቱ ግን በራሱ ገንዘብ ቤቱን ልለውጠው፣ ይባስ ብሎም ላፍርሰው ቢል መዝገቡ ብቻውን አያግደውም። የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት ሥራ ሲሆን ይለያል። ያኔ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በቅርሱ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ መመርመር አለበት። መመርመር እንጂ ሥራውን የግድ ማስቆም አይደለም!

የመከልከል ጉልበት ያለው የአካባቢው ደንብ ነው። ታውንሺፑ የቅርስ ጥበቃ ደንብ ካወጣ የማፍረስ ጥያቄን ሊያዘገይ፣ አንዳንድ ቦታም ጨርሶ ሊከለክል ይችላል። ደንብ ከሌለ የድሮው ወፍጮ ቤትም ሆነ ባለ አንድ ክፍሉ ትምህርት ቤት ነገ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ይችላል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ሰው «ተመዝግቧል» ብሎ ተዘናግቶ ሲቀመጥ ነው ቤቱ የሚፈርሰው። ስለዚህ በሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ አይመኑ፤ ታውንሺፑ ደንብ እንዳለው ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ።