ክርክር፦ ፈቃዱ ያለቀ ግድብ የግድ ይታደሳልን?

በአሜሪካ የሜይን ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው በኦገስታ፣ በኬነቤክ ወንዝ ላይ በ1837 የተሠራ ኤድዋርድስ የሚባል ግድብ ነበር (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእንጨትና ከድንጋይ የተገነባው ይህ ግድብ መጀመሪያ ፋብሪካዎችን ያንቀሳቅስ የነበረ ሲሆን፣ በመጨረሻው ዘመኑ 3.5 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እያመነጨ ይሸጥ ነበር። ፈቃዱ በ1993 ሲያበቃ ባለንብረቱ እንዲታደስለት አመለከተ። የፌዴራሉ የኢነርጂ ቁጥጥር ኮሚሽን ግን ኖቬምበር 25 ቀን 1997 በ2 ለ1 ድምፅ እድሳቱን ከልክሎ ግድቡ እንዲፈርስ አዘዘ፤ ባለንብረት ሳይስማማ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነበር። ጁላይ 1 ቀን 1999 ግድቡ ተሰብሮ ውኃው ተለቀቀ። የውሳኔው ትክክለኛነት በውኃ ኃይል ባለሙያዎችና በወንዝ ተቆርቋሪዎች መካከል ዛሬም ስለሚያከራክር፣ ሁለት ጸሐፊዎችን ፊት ለፊት አገናኝተናል።

እድሳቱ መከልከል አልነበረበትም የሚሉት ጸሐፊ

ጉዳዩን ከዓሣ ሳይሆን ከሕግ ብንጀምረው ይሻላል፤ ምክንያቱም ኮሚሽኑ የወሰነው ስለ አንድ ግድብ ብቻ ሳይሆን በአሜሪካ ወንዞች ላይ ስላሉ የግል ግድቦች ሁሉ ነው። ከ1920 ጀምሮ የሚሠራበት የፌዴራል የኃይል ሕግ ለባለሀብት እስከ 50 ዓመት የሚደርስ ፈቃድ ይሰጣል። ዘመኑ ሲያበቃ ምን እንደሚሆንም ደንግጓል፦ መንግሥት የባለፈቃዱን መዋዕለ ንዋይ አስልቶ በመክፈል ግድቡን ሊረከብ፣ ለሌላ አመልካች ሊሰጥ፣ ወይም ለነባሩ ባለፈቃድ ሊያድስ ይችላል። ባለንብረቱ ያለ ካሳ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ የራሱን ግድብ እንዲያፈርስ የሚያዝ አንቀጽ ግን በእነዚህ ድንጋጌዎች ውስጥ አይገኝም። ኮሚሽኑ ይህ ሥልጣን አለኝ ያለው በዲሴምበር 1994 ራሱ ባወጣው የፖሊሲ መግለጫ ነው። ሕግ አውጪው በግልጽ ያልሰጠውን ሥልጣን ተቆጣጣሪው አካል ለራሱ ሲጨምር፣ ዛሬ ዓሣ ስለዳነ እሰየው ካልን ነገ በምን አፋችን እንቃወማለን?

ሁለተኛው ነገር መካከለኛ መንገድ መኖሩ ነው። የኮሚሽኑ ባለሙያዎች በ1996 ባቀረቡት ረቂቅ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት፣ ፈቃዱ የዓሣ መተላለፊያ ይሠራ ከሚል ቅድመ ሁኔታ ጋር እንዲታደስ ሐሳብ አቅርበው ነበር። በዓመቱ የመጨረሻው ሰነድ ሲወጣ ሐሳቡ ተገልብጦ «ይፍረስ» ሆነ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ወንዙም ዓሣውም አልተለወጡም፤ በእኔ ግምት የተለወጠው በጉዳዩ ዙሪያ የነበረው ግፊት ነው።

3.5 ሜጋ ዋት ከሜይን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ብቻ መሆኑም እንደ ማስረጃ ይነሣል። ነገር ግን ትንሽ ስለሆነ ይጥፋ የሚለው ሙግት ለአንዱ ከሠራ ለትናንሾቹ ግድቦች ሁሉ ይሠራል፤ እነርሱ ሲደመሩ ደግሞ ትንሽ አይደሉም። ጭስ የማያወጣ ተርባይን ሲቆም የሚጎድለው ኃይል ከሌላ ቦታ መምጣቱ አይቀርም፣ ያ ሌላ ቦታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ነዳጅ የሚያቃጥል ነው።

ክልከላው ተገቢ ነበር የሚሉት ጸሐፊ

ወንድሜ ሕጉን ያነበቡት ከባለንብረቱ ወገን ቆመው ነው። ፈቃድ ርስት አይደለም። ዘመኑ ተቆርጦ የተሰጠ ነገር ዘመኑ ሲያልቅ የግድ ይመለስልኝ ከተባለ፣ መጀመሪያውኑ ዘመን መቁረጡ ለምን አስፈለገ? ወንዙ የሕዝብ ነው፤ ባለንብረቱ የያዘው በሕዝብ ውኃ ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብት ነው። ኮሚሽኑም ሥልጣኑን ከባዶ አልፈጠረውም። ኮንግረስ በ1986 ሕጉን ሲያሻሽል፣ ፈቃድ ሲሰጥም ሆነ ሲታደስ ለዓሣ፣ ለዱር እንስሳት፣ ለመዝናኛና ለኃይል ቁጠባ ከኤሌክትሪክ ማመንጨት ጋር እኩል ትኩረት እንዲሰጥ ደንግጓል። ኮሚሽኑ እኩል መዝኖ ሚዛኑ ወደ ወንዙ ቢያደላም መልሱ ሁልጊዜ «ይታደስ» ብቻ ከሆነ፣ መመዘኑ ለይስሙላ ነው።

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ፤ ተከራካሪዬ ሊያልፉት የፈለጉት ይህን ነውና። ኤድዋርድስ የቆመበት ቦታ ተራ ቦታ አልነበረም። የባሕሩ ሙላት ወንዙን ይዞ ወደ ላይ ተጉዞ የሚያበቃው ኦገስታ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከአትላንቲክ ተነሥቶ ለመራባት ኬነቤክን የሚወጣ ዓሣ ሁሉ በመጀመሪያ የሚገጥመው ይኸው ግድብ ነበር። በክረምት ከጣና ወደ ጉማራና ወደ ርብ ለመራባት የሚወጡትን ዓሦች የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይከብደውም፦ ዓሣው የሚኖርበት ውኃና እንቁላሉን የሚጥልበት ውኃ የተለያዩ ናቸው፣ በመካከላቸው የሚቆም አንድ ግንብ ሁለቱንም ከንቱ ያደርጋቸዋል። በኬነቤክ ሳልመን፣ ሻድ፣ የሄሪንግ ዘመድ የሆነው ኤልዋይፍ፣ ስትራይፕድ ባስ፣ ስሜልትና ሁለት ዓይነት ስተርጅን ነበሩ።

«መተላለፊያ ይሠራ» የሚለው መካከለኛ መንገድ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሳልመንና ኤልዋይፍ ደረጃ በደረጃ የተሠራ የዓሣ መሰላል ሊወጡ ይችላሉ፤ ስተርጅን፣ ስትራይፕድ ባስና ስሜልት ግን በመሰላል አይወጡም ማለት ይቻላል። ስተርጅን ከሰው ቁመት በላይ ሊረዝም የሚችል፣ የወንዙን ወለል እየታከከ የሚሄድ ከባድ ዓሣ ነው፤ እንዲህ ላለው ፍጥረት መሰላል ሠርተን ፈቃዱን አደስን ማለት ለእርሱ ምንም አላደረግንም ማለት ነው። መሰላል መውጣት ለሚችሉትም ቢሆን በግድቡ የመጨረሻ ዓመታት ምን ይደረግ እንደነበር ማየት ይበቃል። ኤልዋይፎቹን ከግድቡ ሥር በወፍራም ቱቦ በፓምፕ እየሳቡ፣ ውኃ በያዘ መኪና ጭነው፣ ወደ ላይኞቹ ሐይቆች ወስደው ይለቋቸው ነበር።

የገንዘቡም ነገር ቢሆን ለባለንብረቱ አያደላም። በኮሚሽኑ ጥናት መሠረት መተላለፊያውን መሥራት ግድቡን ከማፍረስ 1.7 እጥፍ ያህል ያስወጣ ነበር። ኤሌክትሪኩም ይሸጥ የነበረው ከገበያው ዋጋ ብዙ እጥፍ በሚበልጥ ዋጋ፣ በ1998 መጨረሻ በሚያበቃ ውል ነው። ያ ውል ሲያልቅ ግድቡን በምን ትርፍ ሊያቆሙት እንደነበር ተከራካሪዬ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

ገንዘቡን ካነሡማ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እንቁጠረው። ማፍረሱ ርካሽ ነበር ይሉናል፤ ከፋዩ ማን ነበር? በ1998 በተደረሰው ስምምነት ባለንብረቱ ግድቡን ለሜይን ግዛት አስረከበ። ለማፍረሻውና ለዓሣው ማገገሚያ የሚውለውን ገንዘብ ግን ባዝ አይረን ዎርክስ የተባለው የመርከብ ፋብሪካ 2.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ከላይ ያሉት ግድቦች ባለንብረቶች ደግሞ 4.75 ሚሊዮን ዶላር አዋጡ። መርከብ ሠሪው መዋጮው በወንዙ ዳር ለሚያካሂደው ማስፋፊያ ማካካሻ ሆነለት። የላይኞቹ ግድቦች ያገኙት ግን ጊዜ ነው፦ የዓሣ መተላለፊያ የመሥራት ግዴታቸው ተራዘመ፣ ከተቆረጠ ቀን ይልቅም ወደ ግድቦቹ ከሚደርሰው የዓሣ ብዛት ጋር ተያያዘ። ብዙ ዓሣ ካልመጣ መተላለፊያ አይሠራም፤ መተላለፊያ ካልተሠራ ደግሞ ዓሣው ከየት ይበዛል?

ውጤቱን እንመልከት። የኤድዋርድስ መፍረስ የከፈተው እስከ ዋተርቪል ያለውን 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ሎክዉድ የሚባል ግድብ ይጠብቃል፤ የዓሣ ማንሻ የተሠራለት በ2006 ሲሆን፣ እዚያ የሚያዘው ሳልመን በመኪና ተጭኖ ነው ሳንዲ ወደሚባለው ገባር የሚወሰደው። ኦገስታ ላይ የነቀፉትን መኪና ዋተርቪል ላይ ቆሞ ያገኙታል። ግድቡ በፈረሰ በ10 ዓመቱ፣ በ2009፣ የኬነቤክ ሳልመን ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ጋር በሕግ ተመዘገበ። አንድ ባለንብረት ግድቡን ያጣበት ውሳኔ ለዋናው ዓሣ ያስገኘው ይህን ከሆነ፣ ኤድዋርድስን ከነመተላለፊያው አድሶ የላይኞቹንም በተቆረጠ ቀን ማስገደድ የተሻለ አልነበረምን?

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

መኪናው መኖሩን አልክድም፤ የሚመሰክረው ግን በሎክዉድ ላይ እንጂ በኦገስታው ውሳኔ ላይ አይደለም። ደግሞም «ዋናው ዓሣ» ያሉት ሳልመንን ነው፤ ወንዙ ግን የሳልመን ብቻ አልነበረም። ከሎክዉድ በታች ሰባስቲኩክ የሚባል ገባር ከኬነቤክ ጋር ይገናኛል። በመገናኛው ላይ የነበረው ፎርት ሃሊፋክስ የተባለ ትንሽ ግድብ የዓሣ ማንሻ የመሥራት ግዴታ ሲመጣበት፣ ባለንብረቱ ሒሳቡን ሠርቶ ማፍረሱን መረጠ፤ በ2008ም ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በሰባስቲኩክ በኩል ቤንተን ላይ የሚቆጠረው ኤልዋይፍና ዘመዶቹ በ2018 ከ5 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል። በየዓመቱ በሜይ ወር ንስሮች በወንዙ ዳር ይሰበሰባሉ፤ የቤንተን ከተማም ከፊሉን ዓሣ አስግራ ለሎብስተር አጥማጆች ማጥመጃ ምግብ እንዲሆን ትሸጣለች። ስተርጅንም ከ160 ዓመት በላይ ተከልክሎበት ወደኖረው ውኃ ተመልሷል። በኤድዋርድስ ላይ መሰላል ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ የስተርጅኑ መመለስ አይሆንም ነበር።

ስለ እድሳት ለአገራችን አንባቢ ስጽፍ ጢስ ዓባይን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1964 የተመረቀው የመጀመሪያው ጣቢያ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ስለነበር ፏፏቴውን እምብዛም አልጎዳውም። በ1996 የጨረጨራው መቆጣጠሪያ የጣናን መውጫ ያዘ፤ በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋቱ ሁለተኛ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ፏፏቴውም በበጋ ቀጠነ። ለፏፏቴው ምን ያህል ውኃ ይተው የሚለው ጥያቄ በታወቀ ቀን፣ በአደባባይ፣ ሁሉም ወገን ቀርቦ የሚከራከርበት አጋጣሚ ቢኖር ኖሮ እንዴት በወደድኩ። የኬነቤክ ሰዎች ያን ቀን አግኝተዋል። ቀኑ ሲደርስ «አይሆንም» የማለት መብት ከሌለ ግን መሰብሰቡ ምን ይረባል?

የመጀመሪያው ጸሐፊ

የጢስ ዓባይ ምሳሌዎ ለእኔ ይሠራል። እዚያ ጣቢያው ይፍረስ ያለ የለም። በ2010 ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋቱን ይዞ ሲመጣ፣ ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ ዋና ሥራ ወደዚያ ዞረ፣ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ወደ ተጠባባቂነት ወረዱ። የቀረው ጥያቄ ከጨረጨራ በሮች በየወሩ ስንት ይለቀቅ የሚለው ነው፤ ይህም የአሠራር ቅድመ ሁኔታ ጥያቄ እንጂ የማፍረስ ጥያቄ አይደለም። መብራት ላልደረሰው ሕዝብ «አይሆንም» የሚለው ቃል ከሜይን ይልቅ እጅግ ውድ መሆኑንም አይዘንጉ።

ሁለተኛው ጸሐፊ

ውድነቱን አምናለሁ፤ ስለዚህም የማፍረሻው ወጪ በመጨረሻው ቀን ድንገት እንዳይመጣ እፈልጋለሁ። ባለፈቃዱ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከሽያጩ ጥቂት በመቶ ለመዝጊያ በዝግ ሒሳብ ያስቀምጥ። እንዲህ ቢሆን ኖሮ በ1998 መዋጮ መለመንም፣ ለመዋጮው ሲባል ለላይኞቹ ግድቦች ጊዜ መስጠትም ባላስፈለገ ነበር። የዓሣውን ብዛት ከግዴታው ጋር ያያያዘው አንቀጽ መጥፎ እንደነበር ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ፤ መጥፎነቱ ግን የመጣው ከክልከላው ሳይሆን ካልተጠራቀመው ገንዘብ ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ

ኮሚሽኑ ራሱ በ1994ቱ መግለጫ እንዲህ ያለውን ቁጠባ በሁሉም ባለፈቃድ ላይ ግዴታ ከማድረግ ተቆጥቦ፣ በየጉዳዩ እንዲታይ ነው የተወው። ለአዲስ ፈቃድ ቢጻፍ አልቃወምም፤ ባለሀብቱ ዕዳውን አውቆ ይገባል ወይም ይተዋል። ፈቃዱ በተሰጠበት ቀን ያልተጻፈ ዕዳ ግን በእድሳቱ ቀን በባለንብረቱ ላይ ብቻ ሊጫን አይገባም፤ እንዲህ ላሉት ነባር ግድቦች ግድቡ ይፍረስ ያለው መንግሥት ከወጪው ድርሻውን ይክፈል።