ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚመረምር ሐኪም

እንደ እኛ አገር ጠያቂ ያለ ሐኪም የት ይገኛል? ካርድ አያስወጣ፣ ወረፋ አያስጠብቅ፣ ደም አይቀዳ። ሁለት ኪሎ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ይገባል፤ "እግዜር ይማርዎት" ብሎ ይቀመጣል፤ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር የበሽታውን ስም፣ መነሻውንና መጨረሻውን አስታውቆ ያበቃል። ሌላው ዓለም ዕድሜ ልኩን የሚለፋበትን የሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት በሽታ) መንስኤ እሱ በሁለት ቃል ይዘጋዋል፦ "በዘራቸው ነው።"

እጁን ሲያሠራ ማየት ነው። የታመሙት ሴትዮ ጠዋት ጠዋት ጣታቸው አልታጠፍ እያለ የጀበና እጀታ መያዝ ካቃታቸው ሁለት ወር አልፏቸዋል። ጠያቂው ለሰላምታ እጃቸውን ይይዝና በፍቅር ጨመቅ ያደርገዋል። "ዋይ!" ይላሉ። የመገጣጠሚያ ሐኪም መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ምርመራዎች አንዱ ይኸው ነው፦ ከአራቱ ጣቶች ሥር ያሉትን አንጓዎች ግራና ቀኝ ይዞ መጭመቅ፣ ሕመም ካለ ብግነት፣ ማለትም የአንጓ መቆጣት፣ መጠርጠር። ጠያቂያችን ምርመራውን በነጻ፣ ሳያውቀው፣ አሳምሮ ሠራው። ውጤቱን ግን አልፈለገውም። "አይዞዎት እትዬ፣ ሪህ ነው። እናትዎም ነበረባቸው አይደል? ዘር ከልጓም ይስባል።"

ይህች "እናትዎም" የምትባል ማስረጃ ልዩ ናት። እናትየው ያመማቸው የነበረው ጉልበታቸውን ነው፤ ደረጃ ሲወጡ ይብስባቸዋል፣ ሲያርፉ ይሻላቸዋል፣ ጠዋት ቢገትራቸውም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይለቃቸዋል። ያ ከዕድሜና ከክብደት ጋር የሚመጣው የመገጣጠሚያ መበላት ነው። አጎትየው ደግሞ የእግራቸው አውራ ጣት ሌሊት በድንገት ቀልቶ አብጦ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻቸው ነበር፤ በሳምንቱ ምንም እንዳልነበረ ይተዋቸዋል። ያ ደግሞ ዩሪክ አሲድ ነው። የሴትዮዋ፣ ማለትም ሩማቶይዱ፣ የሁለቱንም እጅ ይዟል፤ ከጣቶቹ ሥር ያሉትን አንጓዎችና አምባር የሚውልበትን ቦታ አሳብጦ፣ የጣት ጫፍ አንጓዎችን ትቶ፣ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ያግታቸዋል። ሦስት ሰው፣ ሦስት በሽታ። ጠያቂው ሁሉንም "ሪህ" በሚል አንድ ስልቻ ከትቶ የዘር ሐረግ ይስልላቸዋል። ለጋብቻ ሰባት ቤት እንደሚቆጠር ለበሽታም ይቆጥራል፤ ልዩነቱ በጋብቻ ጊዜ ሽማግሌ ስህተት ቢያገኝ መጠየቁ ነው።

ከእሱ አንጻር ሳይንቲስቶቹ ምስኪኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 ነገሩን አጥብበው አጥብበው፣ በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ኤች.ኤል.ኤ ዲ.አር.ቢ 1 የተባለው ዘረመል ከሚሠራው ፕሮቲን ውስጥ ከ70ኛው እስከ 74ኛው ያለችውን የአምስት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ) ቁራጭ ከበሽታው ጋር አያይዘው ለይተው አወጡ። በ2014 ከ100,000 በላይ ሰዎች ዘረመል አበጥረው 101 ከበሽታው ጋር የተያያዙ ቦታዎችን ለቀሙ። ይህን ሁሉ ለቅመው ታዲያ ብቻውን በሽታውን የሚያመጣ አንድ ዘረመል አላገኙም፤ አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ይገፋሉ እንጂ። ያቺን የአምስት አሚኖ አሲድ ቁራጭ ከተሸከመውም ሰው አብዛኛው ሳይታመም ዕድሜውን ይጨርሳል። ደግሞ በዚያ ጥናት የተመረመሩት የአውሮፓና የእስያ ዘር ያላቸው ናቸው፤ ፒ.ቲ.ፒ.ኤን 22 የተባለው ዘረመል ላይ ያለው፣ አውሮፓውያን ዘንድ ስመ ጥር የሆነው ለውጥ አፍሪካውያን ላይ እምብዛም አይገኝም። ጠያቂያችን ግን የሰፈራችንን ጥናት አንድም ጠብታ ደም ሳይቀዳ አጠናቋል።

አንዳንዱ ጠያቂ ደግሞ የተማረ ነው። ስልኩ ላይ አንብቦ ይመጣል። "60 በመቶው በዘር ነው" ይልና ወደ ሴትዮዋ ልጆች ዞሮ ማካፈል ይጀምራል፤ አምስት ናቸው፣ ስለዚህ ሦስቱ ይታመማሉ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ የተሳሳተው ጥያቄው ብቻ ነው። 60 በመቶ የሚባለው ቁጥር በአንድ ሕዝብ ውስጥ ካለው የተጋላጭነት ልዩነት ምን ያህሉ ከዘረመል ልዩነት እንደሚመጣ የሚለካ ነው፤ የአንዲትን ልጅ ዕድል አይናገርም። ዘረመላቸው አንድ የሆነ መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ከ100 ወደ 15 ገደማ ነው። በሽታው በጠቅላላው ከ100 ሰው አንዱን ቢይዝ ነው፤ የታመመች እናት ወይም እህት ያላት ልጅ ዕድሏ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ይኸውም ከ100 ሦስት። የቀሩትን 97 ጠያቂው በየትኛው ማካፈል እንደሚያሳምማቸው እንጃ። እጮኛዋ ቤት ወሬው ሲደርስ ግን 97ቱን የሚጠቅስ አይኖርም።

"በዘራችን የለም"ም የእሱ ሥራ ነው። ያበጠ አንጓ ያላት ልጅ ሐኪም ልትሄድ ስትነሳ ያስቀምጣታል። አብዛኞቹ የዚህ በሽታ ታማሚዎች የታመመ የቅርብ ዘመድ እንደሌላቸው ማን ይንገረው።

በዚህ ሁሉ መሀል የቤቱ ወንድ ልጅ ሶፋው ላይ ሲጋራውን ያጨሳል። እሱን የሚናገረው የለም፤ ሲጋራ በዘር አይመጣማ! ስዊድን ውስጥ የተሠራ ጥናት ያቺን የዘረመል ቁራጭ ከእናትም ከአባትም የወረሰ አጫሽ፣ ቁራጯም ሲጋራም ከሌለበት ሰው ጋር ሲነጻጸር፣ ደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ለሚታይበት የሩማቶይድ ዓይነት የመጋለጥ ዕድሉ 21 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። ጢሱ ሳንባ ውስጥ ፕሮቲኖችን ይለውጣል፤ አርጂኒን የነበረው ሲትሩሊን ይሆናል፤ ቁራጯ ያንን የተለወጠውን ፕሮቲን አጥብቃ ይዛ ለመከላከያ ሴሎች "ጠላት መጣ" ብላ ታሳያለች። ፀረ እንግዳው አካል አንጓ ሳያብጥ ከዓመታት በፊት ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ዘርን መለወጥ አይቻልም፤ ሲጋራን ማጥፋት ይቻላል፤ ጠያቂው ስለማይቻለው ማውራት ይመርጣል።

የአሜሪካና የአውሮፓ የመገጣጠሚያ ሐኪሞች በ2010 ያወጡት የነጥብ አሰጣጥም ቢሆን እሱን አላማከረም። ከ10 ስድስትና ከዚያ በላይ ያገኘ በሽታው አለበት ይባላል። ለተጎዱት አንጓዎች ብዛትና ዓይነት እስከ 5፣ ፀረ እንግዳ አካል ለሚፈልጉት የደም ምርመራዎች ለአር.ኤፍ እና ለአንቲ ሲሲፒ እስከ 3፣ ብግነትን ለሚለኩት ለኢ.ኤስ.አር ወይም ለሲ.አር.ፒ 1፣ ስድስት ሳምንት ለሞላው ሕመም 1። ለአያት የተመደበ ነጥብ የለም! ለዘረመል ምርመራም የለም። አር.ኤፍ ብቻውን ተመርምሮ "ፖዘቲቭ" ሲመጣ ግን ጠያቂው ያጨበጭባል፤ በሳንባ ነቀርሳ፣ በሄፓታይተስ ሲ፣ በልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን፣ በእርጅናም ፖዘቲቭ እንደሚሆን አይመለከተውም። አንቲ ሲሲፒ ከእሱ ይልቅ ይታመናል።

ወደ ሕክምናው እንለፍ፤ ጠያቂያችን እዚህም ለጋስ ነው። በዘር ከሆነ መድኃኒት የለውም፤ መድኃኒት ከሌለው ፌጦ አለ፣ ዋግምት አለ፣ ወጌሻ አለ። የተቆጣ አንጓ ሲታሽ ምን እንደሚሆን የታሸው ያውቀዋል። ከዚያ ብግነትን ቶሎ የሚያስታግሰው የዴክሳሜታዞን መርፌ ይመጣል። ሴትዮዋ በማግሥቱ ጀበናውን አነሱ፤ "አላልኩም?" ይላል። ሕመሙ ሲሸሽ አጥንቱ ከውስጥ መበላቱን ሊቀጥል እንደሚችል፣ በሽታው የማይመለስ ጉዳት ማድረስ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንደሆነ አይነግራቸውም። መርፌው በየወሩ ሲደጋገም ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል፤ በድንገት ሲቆም ደግሞ ሰውነት ይዝላል።

ሐኪም በሽታውን የሚገታውን ሜቶትሬክሴት ቢያዝ እንኳ የጠያቂው ጥበብ አያልቅም። ትእዛዙ 15 ሚሊግራም ነው፣ ይኸውም ባለ 2.5 ስድስት ፍሬ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። "ስድስት ፍሬ በአንዴ? ጨጓራዎትን ሊጨርሰው ነው! አንድ አንድ እያሉ በየቀኑ ይዋጡት እንጂ።" ደግ ሰው። በየቀኑ ሲወሰድ አፍ ይቆስላል፣ መቅኔ ደም ማምረት ያቅተዋል፣ ሰው ይሞታል። በሌላ ቀን የሚወሰደውን ፎሊክ አሲድ "ቫይታሚን ነው፣ ይቅርብዎት" ይለዋል። የጉበትና የደም ምርመራውን "ገንዘብ ሊበሉ ነው" ይለዋል። መድኃኒቱ ለመሥራት ከስድስት እስከ 12 ሳምንት ስለሚፈልግ፣ በሦስተኛው ሳምንት "አልሠራም፣ ነገርኩዎት" ብሎ ያስጥላቸዋል።

በረካ ሳይቀዳ ተነሳ፤ ሌላ የሚጠይቀው ታማሚ አለበት። በሩ ላይ የልጅቷን ጣቶች አየት አድርጎ ከንፈሩን መጠጠ። ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ሴትዮዋ አንድ ብርቱካን አነሱ፣ አውራ ጣታቸውን ልጣጩ ላይ አሳረፉ፣ መለሱት፤ ገና ጠዋት ነው።