ሳትጠየቅ የተዳረች አንጓ

ጎንደር ውስጥ የእጅ ሰዓት የሚገዛው እንደ ድሮ ጋብቻ ነው። መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠራል፦ ጃፓን ነው ወይስ ቻይና? በባትሪ ነው ወይስ በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ? ቅቡ ይለቃል ወይስ አይለቅም? ከዚያ ዘመድ ይማከራል፤ ለአክስት ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ይላካል፤ ሱቁ በር ላይ የቆመ የማያውቁት መንገደኛ ሳይቀር «እኔ ብሆን ጥቁሩን ነው» ይላል። ዋጋው ላይ ሽምግልና ይቀመጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ፈቃዷ ያልተጠየቀ አንዲት አለች፤ ቀኑን ሙሉ ተሸክማው የምትውለው የእጅ አንጓ።

ውጤቱን ለማየት ከአዘዞ ፒያሳ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ የሚዘረጉትን እጆች ማየት ይበቃል። ገንዘብ በቀኝ ነው የሚሰጠው፤ ሰዓት ገና የገዛ ሰው ግን በግራው ይዘረጋል፣ ያውም ቀስ ብሎ። ዙሪያዋ 15 ሳንቲ ሜትር ተኩል በሆነች አንጓ ላይ 48 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ሰፍሮባታል። ቡና የተቀዳበት ሲኒ ቢያስቀምጡበት አይደፋም። ማሰሪያው ክንዱን አቅፎ በመዞር ፈንታ ከጠርዙ ቁልቁል ይወርዳል፤ በመሃል በቀረው ክፍተት እስክሪብቶ ያልፋል።

ሰላምታም ላይ ያው ነው። ታላቅን ሰላም ስንል ቀኛችንን ዘርግተን፣ በግራችን የቀኝ ክንዳችንን ደግፈን፣ ጎንበስ እንላለን። ባለትልቅ ሰዓት ጎረምሳ ይህን ወግ ከማንም በላይ ይወደዋል። የሰፈሩ አዛውንት ሲያልፉ ሰዓቱ ቀድሞ ይደርሳቸዋል፤ እሳቸውም ሰላምታውን ሲመልሱ «እንደምን ዋላችሁ» ይላሉ፣ ሁለት ሰው መስሏቸው።

መለካቱ ደግሞ ከልብስ ሰፊ ሜትር ከመዋስ ያለፈ ሥራ የለውም። ሜትር ከጠፋ የጫማ ክር ወይም ቀጭን ወረቀት ይጠመጠምና በማስመሪያ ይለካል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቦታው ላይ ነው። በትንሿ ጣት በኩል ጎላ ብላ የምትታየው አጥንት አለች፤ ሰዓት የሚቀመጠው ከእሷ አለፍ ብሎ ወደ ክርን በኩል ነው። አጥንቷ ላይ የለካ ትርፍ ለክቶ ይሄዳል። ከቀትር በኋላ መለካት ይመረጣል፤ እጅ በሙቀት ትንሽ ያብጣል፣ በጎንደር የጠዋት ብርድ ደግሞ ይሰበሰባል። ዙሪያው 15 ወይም 16 ሳንቲ ሜትር ለሆነ እጅ ከ34 እስከ 38 ሚሊ ሜትር፣ ለ17 ከ38 እስከ 40፣ 18ን ላለፈ 42ም 44ም ይሄዳል። ሕግ አይደለም፤ በሱቁ በር ላይ ከቆመው መንገደኛ ምክር ግን ይሻላል።

ስፋት ብቻውን ቢታመን ግን ያሳፍራል። ዋናው ልክ ሌላ ነው። ማሰሪያው የሚሰካባቸው አራት ጫፎች አሉ፤ ቀንድ እንበላቸው። ከላይኛው ቀንድ ጫፍ እስከ ታችኛው ቀንድ ጫፍ ያለው ርዝመት ከአንጓው ጠፍጣፋ ጀርባ መብለጥ የለበትም። ማስመሪያ አንጓው ላይ በአግድም ይጋደማል፤ ጀርባው ወደ ጎን መጎበጥ እስኪጀምር ድረስ ከዳር እስከ ዳር 50 ሚሊ ሜትር ከመጣ፣ ቀንድ ለቀንድ 47 ወይም 48 የመጨረሻው ነው። ሴኮ ኤስኬኤክስ 007 የሚባለው የጠላቂ ሰዓት ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው፤ ሲሰሙት ለቀጭን እጅ ያስፈራል። ቀንድ ለቀንድ ግን 46 ብቻ ስለሆነ፣ ጫፎቹም ወደ ታች ስለታጠፉ፣ እጅ ላይ ተኝቶ ያድራል። በአንጻሩ 40 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተሸጠ፣ ቀንዱ ግን ቀጥ ብሎ 50 የሚደርስ ሰዓት አለ፤ እሱ ቀጭን አንጓ ላይ እንደ ድልድይ ይንጠለጠላል። ይህን ቁጥር ሻጩን የጠየቀ ሰው «ኦሪጅናል ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ስለዚህ ማስመሪያዋን ኪስ ውስጥ ይዞ መሄድ ነው።

ዓይንም ያታልላል። ጠርዙ ቀጭን ሆኖ ፊቱ ነጭ የሆነ ሰዓት ከልኩ ሰፍቶ ይታያል፤ ጠርዙ ወፍራም፣ ፊቱ ጥቁር የሆነው ያንሳል። አራት ማዕዘኑ ከሁሉም የከፋ አታላይ ነው፦ ጎኑ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ ከጥግ እስከ ጥግ 42 ይደርሳል። በቴሌግራም የሚገዛ ሰው ፎቶውን ከማመን፣ ከማስቲካ ካርቶን ልኩን ከነቀንዱ ቆርጦ እጁ ላይ ቢያስርና ከመስታወት ፊት ሁለት እርምጃ ርቆ ቢቆም ይሻለዋል። የራሳችንን ሰዓት ሁሌ የምናየው ከአፍንጫችን ሥር ስለሆነ ነው ትልቅ የሚመስለን፤ ሌላው ሰው የሚያየው ከዚያ ርቀት ነው።

ይህን ያልሰማ ገዢ ፍርዱን ፒያሳ፣ የመስታወት ሳጥናቸውን ግድግዳ አስደግፈው ከሚቀመጡ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ያገኛል።

«ጋሸ፣ እባክዎ ይችን ትንሽ ያሳጥሩልኝ።»

«ስንት ፍሬ ላውጣ?»

«እስኪጠብቅ ድረስ።»

ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ጠቅ አድርገው ሰዓቱን አይደለም፣ እጁን ያዩታል። «ልጄ፣ ሰንሰለቱን እንደሆነ አሳጥረዋለሁ። ጭንቅላቱን በምን ላሳጥረው?»

«እና ምን ይሻላል ይላሉ?»

«መወፈር።»

ውፍረት ካነሳን የሰዓቱም አለ። ከ7 እስከ 10 ሚሊ ሜትር የሆነው ከሸሚዝ እጅጌ ሥር ሾልኮ ይገባል፤ 14 እና 15 የሚደርሰው እጅጌው አፍ ላይ ይቆምና ቁልፉን ይበጥሳል። ጠርዙ እንደ ሳንቲም የተከረከመ ከሆነ ደግሞ ጋቢና ነጠላ አያሳልፍም፤ ቅዳሴ መካከል የራሱን ነጠላ ክር ሲፈታ የሚታይ ሰው ጸሎት እያደረገ አይደለም። መቋሚያ ይዞ ለሚቆም የባሰው ችግር በ3 ቁጥር በኩል የወጣችው መሙያ ናት። ሰዓቱ ሰፍቶ ወደ መዳፍ ከተንሸራተተ፣ እጅ በታጠፈ ቁጥር መሙያዋ የእጁን ጀርባ ትወጋለች። ማኅሌቱ ሳያልቅ እዚያው ላይ ክብ ማኅተም ታትሞ ይገኛል።

«ትልቁን የገዛሁት ቁጥሩ እንዲታየኝ ነው» የሚል አይጠፋም። ከ1950ዎቹና ከ60ዎቹ (እንደ ፈረንጆች) የቀሩት የወንድ ሰዓቶች አብዛኞቹ ከ33 እስከ 36 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ አያቶች በእነሱ ሰዓት አንብበው፣ ቀጠሯቸውንም አክብረው ኖረዋል። ዛሬ ያንን የአያቱን ሰዓት የወረሰ ልጅ «የሴት ነው» ብሎ ለእህቱ ይሰጣል። እህቱ ግን ብልህ ናት፤ ትቀበለዋለች። ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተሠራውና በ2017 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ በጨረታ የተሸጠው ፓቴክ ፊሊፕ እንኳ ስፋቱ 37 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ37 አገር አስተዳደሩ፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በ48 ክፍል መድረስ አቅቶታል። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ፕላስቲኩ ካሲዮ ኤፍ 91 ክብደቱ 21 ግራም ነው፣ በጨለማም በብርሃንም ይነበባል፤ እሱን ያሰረ ሰው ግን አንቱ አይባልም።

ለመታየት የተገዛው ሰዓት ደግሞ ቀን ማሳያ ካለው ሌላ ወግ ይዞ ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ቀኑን የሚገለብጠው 12 ላይ ነው፤ የትኛው 12 እንደሆነ ግን ባለቤቱ ካልነገረው አያውቅም። አንዳንዱ ንጋት 12 ላይ ይገለብጣል፣ አንዳንዱ ማታ። የማታው በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር አልተሳሳተም፣ ዋዜማው ገብቷልና፤ በመሥሪያ ቤት ግን ደብዳቤ ላይ የነገን ቀን ያስጽፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ መሙያዋን እስከ መጨረሻው ስቦ ዘንጎቹን ወደፊት አንድ ሙሉ 12 ሰዓት ማዞር። ቀኑን ብቻ በፍጥነት ለመቀየር ከሆነ አጭሩ ዘንግ ከ9 እስከ 3 ባለው የፊቱ የላይኛው ክፍል ላይ እያለ አይነካም፤ በዚያ ሰዓት የቀኑ ጥርስ ተያይዞ ስለሚሆን ይሰበራል። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ስለሆኑ ሰዓቱ በየወሩ መጨረሻ 31 ይላል፤ በእጅ 1 ይደረጋል። ጳጉሜን ሲያይማ በአምስት ወይም በስድስት ቀን እንደገና 1 ሊያደርጉት ሲታገሉት፣ ምን ዓይነት አገር ገባሁ ሳይል አይቀርም።

ከዚያ ጥር ይመጣል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ለቀሚስ ነበር፤ አሁን ሰዓትንም ይጨምራል። ትልቅና ወፍራም ስለሆነ ውኃ አያስገባም የሚለው እምነት የሚፈርሰው በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ነው። ውኃው ከተባረከ በኋላ ዘሎ የገባ ወጣት ሲወጣ መስታወቱ ከውስጥ ላብ ያልበዋል። ጀርባው ላይ 30 ሜትር የሚል ጽሕፈት እጅ ለመታጠብና ለዝናብ ነው፤ ለመዋኘት 100 የሚል ይፈለጋል፣ መሙያዋም ተገፍታ መዘጋት አለባት። ውፍረቱ ምንም አይጨምርም።

የተገዛው ተገዝቷልና ሰንሰለቱን ማስተካከል ይቀራል። ፍሬዎቹ ከማያያዣው ግራና ቀኝ እኩል ይወጣሉ፤ ትርፏ አንዲት ከሆነች ከ6 ቁጥር በኩል ትወጣለች፣ አለዚያ ማያያዣው ከአንጓው ሥር መሃል ላይ አይውልም። ከፍሬው ውስጠኛ ጎን ቀስት ተስሏል፤ ፒኗ ቀስቱ ወዳመለከተበት ትገፋለች፣ ስትመለስ በተቃራኒው ትገባለች። ይህን ገልብጦ በመዶሻ የመታ ሰው ፒኗን አጥፏት ተመልሶ ይመጣል። ለጥቂት ሚሊ ሜትር ሲሆን ደግሞ ፍሬ ማውጣት አያስፈልግም፤ ማያያዣው ጎን ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሰንሰለቱን የያዘችውን ዘንግ በመርፌ ጫፍ አንድ እርከን ማሻገር ይበቃል። ታስሮ የትንሿ ጣት ጫፍ ከሥሩ ከገባች ልኩ ነው።

የወጡት ፍሬዎች ግን አይጣሉ፤ በላስቲክ ተጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጡ። በዐቢይ ጾም አንጓዋ ትከሳለች፣ ሰዓቱም ዞሮ መዳፍ ሥር ይደበቃል፤ ባለቤቱም አንድ ፍሬ ላስወጣ ይላል። ሰዓት ሠሪው ግን «ፋሲካ ይድረስ» ብለው ይመልሱታል። ዶሮው ወጥቶ፣ በጉ ታርዶ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ ልጁ እንደገና ይመጣል፣ ክንዱ ላይ የሰንሰለቱ ጥርስ ታትሞበት።

«ጋሸ፣ ያችን መጀመሪያ ያወጧትን ፍሬ ይመልሱልኝ።»